ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ጉለሌ ምግብ ቤቶች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ከመጨረሻው ክፍል አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዝን ጊዜ ርእስ ለመምረጥ ተሰብስበን ብዙ ተከራከርን። ግማሾቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን አሉ፤ ግማሾቻችንም ስለ ሀገር ፍቅር። ስለ ሁለቱም በየዓመቱ በዚሁ መድረክ ስለሚነገር ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ በቃላቸው ሳያውቁት አይቀሩም። ስለዚህ በዛሬው ቀን ስለ ምጣድ፤ ስለ ማቀዝቀዣና ስለ ፀሐይ ለመናገር ተስማምተናል። ነገሩ ለበዓል የማይመጥን ቢመስልም፤ ከመካከላችን እናታቸው እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት በማቅረብ እስከዚህ ክፍል ያደረሷቸው ጓደኞች ስላሉ፤ ምጣድ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፤ ከዚያም ወደ ፈረንሣይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው በየጥቂት እርምጃው ምግብ ቤት ያገኛል። አንዳንዱ ሦስት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ነው፤ አንዳንዱ ሥጋ ቤትና ጭማቂ ቤት አብሮ የያዘ ነው። በረቡዕና በዓርብ በያይነቱ የሚበላው የሽመና ሠራተኛ፤ ከእንጦጦ ማርያምና ከራጉኤል ሲወርድ ቡና የሚጠጣው ምእመን፤ የታክሲው ረዳት፤ እኛም ኪሳችን ሲፈቅድ ሁላችንም ከነዚሁ ቤቶች እንስተናገዳለን። ታዲያ መብራት ሄደ የተባለ እንደ ሆነ ጉዳቱ አምፖል በመጥፋቱ ብቻ አያበቃም። በማቀዝቀዣ ያለው ሥጋና ወተት መሞቅ ይጀምራል፤ የጭማቂው መፍጫ ዝም ይላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ግማሽ እንጀራ ላይ ይበርዳል። ለነገ የታሰበው ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ እየቆየ ሲሄድ ከልኩ በላይ ይኮመጥጣል። ጋጋሪዋ ያን ጊዜ ያላት ምርጫ ወደ ጓሮ ወጥታ እንጨት ማንደድ ነው።

ስለ እንጨቱ ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን፤ ምክንያቱም የጉለሌ ታሪክ ከማገዶ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍልውኃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባ በተቆረቆረች ጊዜ፤ የእንጦጦ የሀገር ዛፍ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ ብዙው አልቆ ነበር። ከተማዪቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንጨት ስላጠራት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ከትምህርት ቤታችን ግቢ ቀና ብለን የምናየው የእንጦጦ አረንጓዴ አብዛኛው ያ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፤ ሌላ ተክል አያስጠጋም እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ የከተማዪቱን ምጣድ ያሞቀውን ዛፍ ያለ ምስጋና መውቀስ እኛ አይሆንልንም።

ያን እንጨትና ቅጠል ከተራራው ወደ ከተማ ያወረዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚወዳደር ሸክም በጀርባቸው አዝለው፤ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያላየ የጉለሌ ልጅ የለም። በልዩ ልዩ ጊዜ ከሸክሙ ወጥተው ሽመናና ሌላ የእጅ ሥራ እንዲማሩ በማኅበር የተደራጁ አሉ፤ ሸክሙ ግን ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም። ስለዚህ በሽሮ ሜዳ አንድ ምጣድ ከኤሌክትሪክ ወደ እንጨት በተመለሰ ቁጥር አንዲት እናት ከላይ ሸክም ትጨምራለች፤ ሌላዪቱ እናት ከታች በጢስ ታነባለች። ነገሩን እኛ የምናየው እንደዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሀገራችን ይህን ያህል ግድብ ሠርታ ሳለ ፀሐይ ለምን ታስፈልጋለች? እውነት ነው፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ነበረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ወላጆቻችን ከደመወዛቸው ቦንድ ገዝተው፤ እኛም በልጅነታችን ሳንቲም አዋጥተን የተሠራ ስለ ሆነ በዚህ ማንም አይቀድመንም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛው የኃይል ማነስ ነው፤ ሁለተኛው የመንገዱ መበላሸት ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በቀነሰ ጊዜ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ያ የኃይል ማነስ ነበር። አሁን በሰፈራችን የሚያጋጥመው ግን አብዛኛው ከመንገዱ ነው። ዝናብ የጣለው ምሰሶ፤ ቅርንጫፍ የነካው ሽቦ፤ ከአቅሙ በላይ ቤት የተቀጠለበት ትራንስፎርመር፤ እነዚህን ግድብ አያድናቸውም። ጉባ ላይ ውኃው ሞልቶ ሳለ አዲሱ ገበያ ላይ ሻማ የሚበራው ስለዚህ ነው። መንገዱም እየተጠገነ ነው፤ እስኪጠገን ድረስ ግን ሥጋው አይጠብቅም።

ብዙ ምግብ ቤቶች ለዚህ መድኃኒት ያደረጉት ጄኔሬተር ነው። ስለ ጄኔሬተር ብዙ አንናገርም፤ ድምፁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አነስተኛ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚያወጣው 2 ቢበዛ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ከቆጣሪ የምናገኘው ኤሌክትሪክ ምንም እንኳ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው በየሦስት ወሩ ቀስ እያለ ከፍ እንዲል ቢደረግም፤ ከዚህ ጋር ሲመዛዘን አሁንም ርካሽ ነው። እንግዲህ ፀሐይን ከቆጣሪው ጋር ያወዳደረ ሰው ወጪውን የሚመልሰው ዘግይቶ ነው፤ ከጄኔሬተሩ ጋር ያወዳደረ ግን ቶሎ ይመልሳል። ይህን የምንለው ሶላር የሚሸጡ አንዳንድ ነጋዴዎች ሁለቱን ሒሳብ አደባልቀው ሲናገሩ ስለ ሰማን ነው።

ለታናናሾቻችን፤ ሶላር የሚባለው ሰሌዳ እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ በአጭሩ እንናገር። ብርሃን በአንዳንድ ነገሮች ላይ ሲወድቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ ፈረንሣዊው ኤድሞን ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1839 አስተዋለ። ምክንያቱን አልበርት አይንስታይን በ1905 አብራራ፤ የኖቤልም ሽልማት የተሰጠው በዚሁ ሥራው ነው። ከአሸዋ በሚገኘው በሲሊከን የተሠራና ለሥራ የሚበቃ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት ወጣ፤ ከወደቀበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ግን ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ ያለው ከመቶ 20 ያህሉን ይለውጣል። በሰሌዳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ፤ የሚቃጠል፤ የሚጮህም ነገር የለም።

ሀገራችንም ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። ከ40 ዓመት በፊት በስምጥ ሸለቆ በሚቶ መንደር የፀሐይ ኃይል ተተክሎ ነበር፤ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤትም ሽቦ በማይደርስበት ተራራ ላይ መሣሪያዎቹን በፀሐይ ሲያሠራ ኖሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ሸዋ የሬማ መንደር ቤቶች በየጣራቸው ትንንሽ ሰሌዳ ተሰቅሎላቸው ኩራዝ አሰናብተዋል። በአዲስ አበባም በሆቴሎችና በመኖሪያ ቤቶች ጣራ ላይ ውኃ የሚያሞቁ የፀሐይ በርሜሎች ይታያሉ። ከውጭ አገር ደግሞ ለእኛ ነገር የሚቀርበው የሊባኖስ ነው፤ በዚያ ከሰፈራችን የሄዱ ብዙ እኅቶች ስለሚሠሩ ወሬውን እንሰማለን። በ2012 ዓ.ም. በጀመረው የገንዘብ ችግር የመንግሥቱ ኤሌክትሪክ በቀን ወደ ጥቂት ሰዓት በወረደ ጊዜ፤ ቤቱም ሱቁም ምግብ ቤቱም ማንንም ሳይጠብቅ በጣራው ላይ ሰሌዳ ሰቀለ። ጥድፊያው ግን ጣጣ አልነበረውም አይባልም፤ ሙያ በሌለው ሰው የታሰረ ሰሌዳ በነፋስ ሲነሣ፤ ያላግባብ የተገጠመ ባትሪም ሲቃጠል ታይቷል።

ጉለሌ ለፀሐይ የተመቸ ስፍራ ነው ብንል ለሰፈራችን ስናዳላ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ በእኩለ ቀን ልክ በአናታችን ላይ ትቆማለች፤ በበጋው ወራት ሁሉ ግን በስተ ደቡብ በኩል ታልፋለች። ጉለሌም በእንጦጦ ደቡባዊ ፊት ላይ ተደግፋ ስለ ተቀመጠች በበጋ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራለች ማለት ነው። ደግሞም ሰሌዳ ብርሃን ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም፤ ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። የእንጦጦ ብርድ ለእኛ ጠዋት በሰልፍ ስንቆም ባይስማማንም ለሰሌዳው ይስማማዋል። የሚከፋው የባሕር ዛፍ ጥላ ነው፤ ጥላ በሰሌዳው አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ቢያርፍ እንኳ የሚወስደው ኃይል ከማዕዘኑ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በአዲስ አበባ በበጋ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኃይል ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በሐምሌና በነሐሴ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል። ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለ 400 ዋት ሰሌዳ፤ በሽቦና በኢንቨርተር የሚጠፋው ተቀንሶ፤ በበጋ በቀን 1.6 በክረምት 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ከዚህ በኋላ ባለ ስድስት ጠረጴዛ ምግብ ቤት በሐሳባችን አቆምን። ትልቅ ማቀዝቀዣው በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል እንበል። አሥር አምፖል እያንዳንዱ 10 ዋት አራት ሰዓት ቢበራ 0.4፤ ቴሌቪዥኑ ስምንት ሰዓት ቢከፈት 0.8፤ የጭማቂው መፍጫ ተደማምሮ አንድ ሰዓት ቢሠራ 0.6። ድምሩ 4.8 ነው። ሦስት ሰሌዳ በበጋ ይበቃዋል፤ በክረምት አራት። ለማታው አንድ ባትሪ ይጨመርበታል። ይህን ያህል ጣራ የሌለው ምግብ ቤት የለም።

ምጣዱ ላይ ስንደርስ ግን ሒሳቡ ከበደን። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በሰዓት 20 እንጀራ ቢጋገር ለ100 እንጀራ አምስት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ይኸውም 17.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለአንድ ምጣድ ብቻ በበጋ 11 ወይም 12፤ በክረምት 14 ሰሌዳ ማለት ነው። አሥራ ሁለቱ ብቻ 24 ካሬ ሜትር ይዘው ከነብረታቸው ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመታ አሮጌ ቆርቆሮ ይህን እንዲሸከም ሳይመረመር አይታመንም። ከዚያም የባሰው ችግር ሰዓቱ ነው። እንጀራ የሚጋገረው ከሌሊቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው። ፀሐይ ስትጠነክር ጋጋሪዋ ሥራዋን ወደ መጨረስ ትቀርባለች። የምጣዱን ኃይል በባትሪ አስቀምጦ ለሌሊት ማዋል ይቻላል፤ ግን ለዚህ የሚበቃው ባትሪ ከሰሌዳዎቹ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው።

በዚህ ጉዳይ ለብዙ ቀን ስንከራከር ቆይተን መልሱን ያገኘነው ከፊዚክስ መጽሐፍ አይደለም። ከጓደኞቻችን አንዱ ወላጅ እናት ሲሰሙን ቆይተው፤ «ምን አስጨነቃችሁ? የነገውን ዛሬ ቀን መጋገር ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። በደንብ የተጋገረ እንጀራ በመሶብ ተከድኖ እስከ ማግሥቱ አይበላሽም። ሊጡ የሚቦካበትን ሰዓት ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ፀሐይ በጠነከረችበት ጊዜ ይጋገራል። ዮሴፍ በግብፅ የጥጋቡን ዘመን እህል ለረሀቡ ዘመን እንዳስቀመጠ፤ እዚህም የቀኑ ፀሐይ በእንጀራ መልክ ተቀምጦ ያድራል። መሶቡ ባትሪ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም ዶላር የማይጠይቅ። የሞቀ ውኃም እንዲሁ ነው፤ በቀን በጣራ በርሜል ሞቆ ለማታ ሳህን ማጠቢያ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ለሁሉም አይሆንም፤ ትኩስ እንጀራ ብቻ የሚሉ ደንበኞች ያሏቸው ቤቶች አሉ። የቡና መሣሪያውም ከምጣዱ የማይተናነስ ኃይል ስለሚስብ ለእርሱ ጀበና ይሻላል፤ ለቡናውም ቢሆን።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ትንሽ ምግብ ቤት ላላቸው አንዲት የሰፈራችን እናት አሳየናቸው። «እትዬ፤ እንዴት ያዩታል?» ብንላቸው ወረቀቱን አገላብጠው አይተው ሦስት ነገር ጠየቁን። መጀመሪያ፤ «በክረምትስ?» አሉ። ሒሳቡን አሳየናቸው፤ ደመናው ለሦስትና ለአራት ቀን ከጸና ግን ከቆጣሪው ውጭ መኖር እንደማይቻል አልሸሸግናቸውም። ሁለተኛ፤ ስንት ያወጣል አሉ። የብር ዋጋ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለማይረጋ፤ ዛሬ የተናገርነው ቁጥር ከወር በኋላ ሐሰት ሊሆን ስለሚችል በብር አልጻፍንም። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ዝም አሰኘን። «ልጆቼ፤ ቤቱ እኮ የኪራይ ነው» አሉን።

እኛ ስለ ፀሐይ መውጫና ስለ ጣራው ስፋት ስንለካ የጣራውን ባለቤት አላሰብንም ነበር። በጉለሌ ከምግብ ቤቶች ብዙዎቹ የተከራዩ ናቸው። ተከራይ በሰው ጣራ ላይ ገንዘቡን ሰቅሎ ውል ሲፈርስ ምን ያደርጋል? አከራዩስ ጣራው ቢያፈስ ማንን ይጠይቃል? ስለዚህ ነገሩ ከኤሌክትሪክ ይልቅ የውል ጉዳይ ሆነ። በእኛ ሐሳብ ሰሌዳው ተፈትቶ እንዲሄድ ሆኖ ቢገጠምና በኪራዩ ውል ላይ የማን እንደ ሆነ ቢጻፍ ጭቅጭቁ ይቀንሳል። ደግሞም ጎን ለጎን ያሉ አራት አምስት ምግብ ቤቶች በእቁብ ተደራጅተው፤ ዕጣ በወጣ ቁጥር ለአንዱ ቤት ሦስት ሰሌዳና አንድ ባትሪ ቢገዙ፤ ከባንክ ብድር ይልቅ የሚቀርባቸው ይመስለናል። እቁብ ጠጪዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ የአንዱን ጣራ አይቶ ሌላው ይማራል። እትዬም ይህን ሲሰሙ ሣቅ ብለው፤ «የመጀመሪያውን ዕጣ ለእኔ ካደረጋችሁት» ብለውናል።

ቀሪው ነገር የሙያ ነው። በበጋ አቧራው በሰሌዳው ላይ ይከመራል፤ በየሳምንቱ በውኃና በጨርቅ ካልታጠበ ምርቱ ይቀንሳል፤ ይህን ማንም ይችላል። ገመዱን ማሰር፤ ከመሬት ጋር ማገናኘት፤ መብራት በሄደ ጊዜ የሰሌዳው ኃይል ወደ መንገዱ ሽቦ ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ እንዳይገድል መለያውን መግጠም ግን የተማረ እጅ ይፈልጋል። እንደ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ባሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች የኤሌክትሪክ ሥራ ይሰጣል። ከክፍላችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የማይገቡ ይኖራሉ፤ ይህን እያወቅን ዝም ብለን ቆይተናል። ወላጆቻችን ልጃችን ዩኒቨርሲቲ አልገባም ብላችሁ ፊታችሁን ከማጥቆራችሁ በፊት፤ በዚህ ሰፈር ስንት ጣራ እንዳለ እንድትቆጥሩ እንለምናለን።

የሒሳባችን ወረቀት በፊዚክስ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከበዓሉ በኋላ በሩ ክፍት ነው፤ ምግብ ቤት ወይም ምጣድ ያላችሁ ወላጆች የቆጣሪ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ብትመጡ የእናንተን ቤት ለብቻው እናሰላላችኋለን። ቁጥራችን ትክክል ያልመሰለው መምህር ካለም ጠመኔው እዚያው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተቀምጧል።